አፍንጫዬን የቀጠረው ስልክ

ጥር 14 ቀን 2008፣ ሞያሌ

የልጅ ልጄ ሊና ይሄን ደብተር ሰጠችኝና “እማምዬ፣ በየቀኑ ስንት ጀሪካን እንደገባ፣ ከማን እንደመጣ፣ ለማን እንደሄደ ጻፊልኝ” አለችኝ። እሺ አልኩ። “ዛሬ ዘጠኝ ጀሪካን ገባ” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ እጄ አላቆም አለኝ። አፌን የሚያውቅ ሰው እጄንም ይገምት። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝ ልጅ “እትዬ፣ መጻፉን ተምረሻል፣ ዝም ማለቱን ግን ገና ነሽ” ብሎኝ ነበር። ይኸው እስካሁን ገና ነኝ። ሊና ሌላ ደብተር ትግዛ፣ ይሄ የኔ ሆኗል።

የሞያሌ ሰው አኮ ይለኛል፣ በዚህ አገር አያት ማለት ነው። ሥራዬ የግመል ወተት ነው። ባለግመል ሴቶች ከኦዳና ከኡራን መንደሮች በቦዳቦዳ ሞተርም በጭነት መኪናም ይልኩልኛል። እኔ ክዳኑን ከፍቼ አሸታለሁ፣ ደህናውን ለየሆቴሉና ለየቤቱ አከፋፍላለሁ፣ ያልሆነውን እመልሳለሁ። ቀምሼው ግን አላውቅም። ሃይማኖቴ ግመል አይፈቅድም። ሃያ ሁለት ዓመት የማልጠጣውን ስሸጥ የኖርኩት በዚህ አፍንጫ ነው። እዚህ አገር ሴት የወተት ዕቃዋን በጢስ ታጥናለች፤ ካላጠነች ወተቷም ይበላሻል ስሟም ይበላሻል። እኔ ጢሱ የምን እንጨት እንደሆነ፣ ጮጮው ትናንት ይሁን ዛሬ የታጠነው፣ ውሃ ይግባበት አይግባበት በአንድ ትንፋሽ እለያለሁ። ሰዉ “አኮ ካሸተተችው ቀምሳዋለች” ይላል።

ጉንፋን ይዞኛል። ጥምቀት ከኬንያ ማዶ ኢትዮጵያ ተሻግሬ፣ ውሃ ሲረጭ እንደ ሕጻን ተጋፍቼ ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። አፍንጫዬ ድፍን ብሏል። ያልፋል።

ጥር 19

ሊና ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ለጠፈች። ዘጠኝ ሳጥን አለው። ናይሮቢ ኮሌጅ ሦስት ዓመት የተማረችው ይሄን ሳጥን ማስመር ከሆነ፣ እናቷ፣ ልጄ የሺ፣ ገንዘቧን በከንቱ ከፍላለች ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳዳምጣት ግን ልጅቷ ጭንቅላት አላት። በማን እንደወጣች እንጃ።

“ምን እንደምንሸጥ እዚህ መሃል ላይ ይጻፋል” አለችኝ።

“ወተት ነዋ።”

“ወተትማ ሁሉም ይሸጣል። እማምዬ፣ ሴቶቹ ሁሉ ስልክ ይዘዋል። ገዢዎቹም ይዘዋል። ነገ ተነገ ወዲያ ተደዋውለው ይገበያያሉ። መሃል የቆመ ሰው ምን ይሠራል?”

“መሃል የቆመችው እኔ ነኝ።”

“እሱን ነው የምልሽ። ስለዚህ ስልክ የማይችለውን ነው መሸጥ ያለብን። ስልክ ይደውላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ገንዘብ ይልካል። አያሸትም።” ከዚያ መሃለኛው ሳጥን ላይ በትልቁ የእማምዬ አፍንጫ ብላ ጻፈች።

ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ይሄን አፍንጫ ተሸክሜ ስዞር ረዘመ እንጂ ይሸጣል ያለኝ የለም። እናቴ “ባል የሚከለክልሽ እሱ ነው” ትለኝ ነበር። ደስ አለኝ። ከደስታው ብዛት፣ አፍንጫዬ ከተዘጋ ሳምንት እንደሞላው ልነግራት ረሳሁ።

አልረሳሁም። ያልፋል ብዬ ነው።

ጥር 26

ችኮላ ላይ ነኝ። ሊና ዋትስአፕ ላይ ግሩፕ ከፈተች። ሻጭም ገዢም አርባ አንድ ሰው ገባ። ፊት ለፊቱ ላይ የኔ ፎቶ። አፍንጫ ብቻ ነው የሚታየው። ጀሪካኑ ላይ የሚለጠፍ ደግሞ አሠርታለች፣ የተሳለው አፍንጫ ነው፣ ያልተሳለ የቀረ ጸጉሩ ብቻ። ወተቱን ከኦዳ የሚያመጣው ባለቦዳቦዳው ጎሊቻ አየና “አኮ፣ አሁን ድንበር ሲዘጋ እንኳ አፍንጫሽ ማዶ ይሻገራል” አለ። ሳቁ ሞተሩን አስነሳው።

ጥር 30

አሠራሩ እንዲህ ሆኗል። ጠዋት ጎሊቻ ጀሪካኖቹን፣ እያንዳንዱ የባለቤቷ መለያ ክር የታሰረበትን፣ በር ላይ ይደረድራል። እኔ እከፍታለሁ፣ አሸታለሁ፣ ስልኩን ተጭኜ እናገራለሁ። “ቀይ ክር የካልቶማ ነው፣ አንደኛ። አረንጓዴው ደህና ነው። ሰማያዊው ለዛሬ ይጠጣ፣ ለነገ አይደር።” ገዢው ሰምቶ የሚፈልገውን ያዛል። የጠጣ ሰው ማታ አውራ ጣቱን ይልካል፣ ወደ ላይ ከሆነ ጥሩ፣ ወደ ታች ከሆነ ሊና ትደነግጣለች። ድሮ የተከፋ ሰው በሬ ላይ መጥቶ ይሰድበኝ ነበር፣ እኔም እሰድበውና እንታረቅ ነበር። ጣት ምን ብለው ይሰድቡታል።

የካቲት 2

ሊና ገብታ “እማምዬ፣ ምስሩ አጠገብሽ እያረረ ስልክ ታወሪያለሽ?” አለች። ቤቱ ጭስ ሆኗል ለካ። ስለማወራ ነው አልኳት። እውነት ነው፣ አወራ ነበር።

ጉንፋኑ ለቆኛል። ንፍጥም የለ፣ ማስነጠስም የለ። ወተቱ ግን ምንም አይሸት። ይሄ ፕላስቲክ ጀሪካን ጢስ አይዝም። ሴቶቹም ሰንፈዋል፣ ስልክ ከያዙ ወዲህ እንጨት ፈልጎ ዕቃ ማን ያጥናል።

ዛሬ ክዳን ስከፍት ቀይ ክር አየሁ። የኦዳዋ ካልቶማ ወተት ሁልጊዜ አንደኛ ነው። “አንደኛ” አልኩ። ይሄ ውሸት አይደለም፣ ትዝታ ነው።

የካቲት 7

ስልሳ ሦስት ሰው ሆነ። የአውቶቡስ ተሳፋሪ የሚያበላው ባለሆቴሉ ሀልካኖ በየቀኑ ሃያ ሊትር አዘዘ። ሊና ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

ሱቁ በር ላይ ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያወራሉ። አንዷ “ሳትቀምስ ማወቋ ጸጋ እኮ ነው” አለች። ሌላዋ “ባለፈው ለኛ የመጣው ግን ኮምጦ ነበር” አለች። “ሙቀቱ ይሆናላ” አለች የመጀመሪያዋ። ልክ ናት። ሙቀቱ ነው። ሙቀቱ በዚህ ዓመት ልዩ ነው።

የካቲት 11

ማንም በሌለበት ነጭ ሽንኩርት ፈጭቼ አሸተትኩ። አሸተትኩ ልበል። ከዚያ የፋኖሱን ጋዝ አሸተትኩ። ከዚያ ጎሊቻ ጀሪካን ሲያወርድ ጃኬቱን ጠጋ አልኩት፣ ያ ጃኬት አስር ዓመት ፀሐይና ላብ የጠጣ ነው፣ ድመት ይሸሸዋል። ምንም። ጎሊቻ ራቅ ብሎ “አኮ፣ ሰላም ነው?” አለኝ። ክሩ ተተርትሯል አልኩት።

ነጭ ሽንኩርቱም እንደ ድሮው አይደለም፣ አሁን የሚመጣው ሌላ ዓይነት ነው።

የካቲት 17

ሀልካኖ ግሩፑ ላይ ፎቶ ለጠፈ። ሃያ ሊትር ወተት ተቆራርጦ፣ እላዩ ላይ ውሃ ቋጥሮ። ሻይ ውስጥ ጨምሮት ሙሉ አውቶቡስ ሰው ጽዋውን ገፍቶ ተነስቷል። ከዚያ ድምፁን ላከ፣ አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። “ማማ እታለማሁ፣ ይሄን ነው ያሸተትሽው?” አለ። ስልሳ ዘጠኝ ሰው ሰማ። ጣቱ ሁሉ ወደ ታች።

ሊና ወተቱን በሌላ ተካች፣ ይቅርታም ጻፈች። ወደኔ ዞራ “አንድ ቀን ማንም ይሳሳታል” አለችኝ። ፊቷን አየሁት፤ ግድግዳውን ነው የምታየው፣ መሃለኛውን ሳጥን።

የካቲት 18

ዛሬ ጠንከር ማለት ነበረብኝ። ሰው ምን ይላል፣ አሮጊቷ ሁሉን ታሳልፋለች። ስለዚህ አንዱን መመለስ አለብኝ። ዘጠኙ ተደርድረዋል። ከኡራን የመጣችውን አዲሷን ብመልስ ደሃ ላይ ጨከነች ይሉኛል። ደህናዋን ብመልስ ግን ማንንም አትፈራም ይባላል። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ። ክፋት አልነበረኝም፣ ስሌት ነበረኝ፣ ስሌት ደግሞ አልተማርኩም።

ቀይ ክሩን አነሳሁ፣ ከፈትኩ፣ ሳብ አደረግሁ፣ ስልኩን ተጫንኩ። “ይሄ የካልቶማ ነው። ጢስ የለውም። ዕቃው አልታጠነም። ይመለስ” አልኩ።

ጎሊቻ እንደቆመ ቀረ። “የካልቶማ?”

“የካልቶማ።”

“አኮ፣ ካልቶማ ናት እኮ።”

“ሰማኸኝ አይደል፣ ጫን።”

ጫነ። ሃያ ሦስት ጣት ወደ ላይ መጣልኝ። ሀልካኖ እንኳ ላከ። እንዲህ ያለ ምስጋና ከሰርጌ ወዲህ አላገኘሁም፣ ሰርጌም ላይ ቢሆን ለዶሮው ነበር።

ደሞ ዋሽቼ አይደለም። ምንም አልሸተተኝም።

የካቲት 19

የካልቶማ ወተት አልመጣም። ደወልኩ። አታነሳም።

የካቲት 20

አታነሳም።

የካቲት 23

ጎሊቻ ዛሬ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። የሚያወራው ነገር ሲኖረው ነው ሞተር የሚያጠፋ። ለካልቶማ ልጅ ለኢክላስ ሽማግሌ ሊመጣ ነበር አለኝ። ሊያገባት የፈለገው ልጅ አክስት ግሩፑ ውስጥ አለች። የኔን ድምፅ ሰምታ ለቤተሰቡ አሰማች። “እናቷ ዕቃ የማታጥን፣ ልጅቷ ምን ይዛ ትመጣለች” አለች አሉ። የኡራኖቹ ሴቶች ሳይቀሩ ድምፄን እየደጋገሙ ያዳምጡታል። ድሮ ክፉ ቃል ከአፌ ሲወጣ ነፋስ ይወስደው ነበር። አሁን ያስቀምጡታል፣ ሲፈልጉ ይከፍቱታል።

ካልቶማ ሦስት ቀን ወተቷን መሬት ላይ ደፋች አለኝ። የሚገዛት አጣች።

ካልቶማ ማን እንደሆነች ጽፌ ልለይለት። በሰማንያ አራት ከኢትዮጵያ ወጥተን ኬንያ ዋልዳ የስደተኛ ካምፕ ስንገባ ትንሹ ልጄ ያዕቆብ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ተቅማጥ ይዞት አጥንቱ ብቻ ቀረ። ካልቶማ የካምፑ ዳር ላይ ወተት ትሸጥ ነበር። የግመል ነው፣ አልፈልግም አልኳት። ቋንቋ አልተግባባንም፣ ልጁን አየችው፣ ኩባያ ሞልታ ሰጠችኝ። ቄሱ ሳያዩኝ ዞር ብዬ አጠጣሁት። በነጋታው ደግማ መጣች። ሃያ ቀን ሙሉ መጣች። እኔ አልቀመስኩም፤ ሰው ለሃይማኖቴ ብዬ ይመስለዋል፣ ኩባያው አንድ ስለነበር ነው። ያዕቆብ ዛሬ ናይሮቢ አውቶቡስ ይነዳል፣ በር ላይ ያጎነብሳል ከቁመቱ። ካምፑ ሲዘጋ ወተቷን ተቀብዬ መሸጥ የጀመርኩት ከዚያው ነው። ጃላ ትለኛለች፣ ወዳጄ ማለት ነው።

ጎሊቻን “ምናልባት እሷም ሰንፋ ይሆናል” አልኩት። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

የካቲት 28

ጾም ገባ። ሥጋ ተውኩ፣ ቅቤ ተውኩ፣ ዕንቁላል ተውኩ። የተውኩት ሁሉ የማይከብደኝን ነው።

መጋቢት 2

ካልቶማ መጣች።

ረፋድ ላይ ነው። ሊና አውቶቡስ ጣቢያ ሄዳ ነበር። ካልቶማ ከጎሊቻ ኋላ ወርዳ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ሁለት ጮጮ ይዛ ገባች። ሰላምታ አልሰጠችኝም። እኔ ግን ማን አፌን ይዞት፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ኢክላስ ጤና፣ ስለ ግመሎቹ ጤና ጠየቅሁ። ጨርሼ ትንፋሽ ስወስድ ጠበቀችኝ።

“ጃላ፣ አንቺ አፍ ብዙ አለሽ። ዛሬ አፍ ዝጊ። አፍንጫ ክፈቺ” አለች።

ሁለቱን ጮጮ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። አንዱን ኢክላስ ዛሬ ጠዋት አጥናዋለች፤ አንዱ በውሃ ብቻ የታጠበ ነው። “የቱ ነው የታጠነው? በይ” አለችኝ። ውስጡ ጥላሸት እንዳለው አጮልቄ ላይ ስል በሻሿ ሸፈነችው፣ ክዳኑን ብቻ ከፈት አደረገችልኝ። ታውቀኛለች።

የግራውን ሳብኩ። የቀኙን ሳብኩ። እንደገና የግራውን። የሆነ ነገር ይመጣል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓይን ሲጨፈን አፍንጫ ይከፈታል ይባላል፤ የሚባለው ሁሉ እኔ ላይ አይሠራም።

“የግራው” አልኩ።

የቀኙን ገለጠችልኝ፣ ውስጡ ጥቁር፣ ጢሱ እንኳ ገና ሙሉ በሙሉ አልወጣም፣ ከአፉ ትንሽ ይታያል። በዓይኔ አየሁት። አፍንጫዬ ሥር ነው፣ የለም።

“ከመቼ ነው?” አለች።

“ምኑ?”

ዝም አለች። ይሄ ዝምታዋ ሃያ አራት ዓመት ያልለመድኩት ነገር ነው፣ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምሞላው።

“ከጥምቀት” አልኩ።

ለሰው ስናገረው መጀመሪያዬ ነው። ለራሴም ጭምር። ሞኝ ሆኜ አይደለም ያልተናገርኩት፣ ሞኝ ሆኜማ ቢሆን ይቅር እባላለሁ።

ካልቶማ ጮጮዎቿን ሰበሰበች። “እኔ ለሰው አልናገር። ታማሚ ላይ አልናገር። አንቺ አበላሸሽ፣ አንቺ አስተካክይ። ሽማግሌ እንዲመጣ እኔ ራሴ ለመንኩ፣ ቅዳሜ ሳምንት ይመጣል። ከዚያ በፊት” አለች።

በር ላይ ዞር ብላ “ጋዝ ታበሪያለሽ አይደል? ቤት እንዳይቃጠልብሽ ተጠንቀቂ” አለችኝና ወጣች። ቢሰድቡኝ እመልስ ነበር። እንዲህ ሲሉኝ ምን ይመለሳል።

መጋቢት 3

ክሊኒክ ሄድኩ። ልጅ እግር ነርስ ናት፣ አያት ለማለት ሾሾ ትለኛለች፣ ባትሪ አብርታ አየችኝ። “ሾሾ፣ ከጉንፋን በኋላ እንዲህ ይሆናል። አንዳንዱ ይመለስለታል፣ አንዳንዱ አይመለስለትም” አለች። እኔ ከየትኞቹ ነኝ አልኳት። “ፖሌ” አለችኝ። ፖሌ አይዞሽ ማለትም ነው፣ አዝናለሁ ማለትም ነው። የቱን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

መጋቢት 4

ሊና እየሮጠች ገባች። ናይሮቢ ብዙ ወተት የሚያከፋፍል ሰውዬ ግሩፑን ሰምቶ ደውሏል። በአዲሱ መንገድ በአውቶቡስ በየቀኑ ሁለት መቶ ሊትር ሊወስድ ይፈልጋል። ዓርብ ይመጣል። “መጀመሪያ ግን አፍንጫዋን ልይ” ብሏል። ሳሸት ቪዲዮ ሊያነሳኝ ነው። ሊና አዲስ ነጠላ ገዝታልኛለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በንጹሕ ገልብጣዋለች።

“እማምዬ፣ ቀጥ በይና ነይ እስቲ አሽቺ” አለችኝ፣ ልታለማምደኝ። አሸተትኩላት። “ትንሽ ቀስ ብለሽ፣ እንደምትለይ እንዲታይ” አለች። ቀስ አልኩ። ጎበዝ አለችኝ። ቲያትር ቤት ብገባ ኖሮ ዛሬ የት በደረስኩ።

ብናገር የሊና ነገር ይወድቃል። ዝም ብል የኢክላስ ነገር ይወድቃል። ሁለት ሴት ልጅ በአንድ አፍንጫ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ ያውም በሌለ።

መጋቢት 6

ስልኩን ያዝኩ። ተናገርኩ። ሰረዝኩ።

እንደገና። “ካልቶማ ምናልባት…” ሰረዝኩ። ምናልባት የሚሉት ይቅርታ የለም።

መጋቢት 7

ዛሬ ደግሞ ልሰርዝ ብዬ ላኩት። ጥሩነቱ ገና ስለ ወገቤ ሕመም እያወራሁ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው ፖሌ አለኝ። አንዱ ቅባት ነገረኝ።

ጎሊቻ “አኮ፣ ካልቶማ ወተቷን ለጎረቤት ነው የምትሰጠው” አለኝ። አልጠየቅሁትም ነበር።

መጋቢት 8

ተናገርኩ።

ከሰዓት በኋላ ነው። ሊና ነገ ለሚመጣው ሰውዬ ክፍል ልትይዝ ሆቴል ሄዳለች። በሩን ዘጋሁ፣ ከዚያ ከፈትኩት፣ ተደብቄ የምናገረው ነገር አይደለም። ስልኩን ተጭኜ እንዲህ አልኩ፣ እንዳልኩት ነው የምጽፈው።

“እኔ እታለማሁ ነኝ። ከጥምቀት ጀምሮ አፍንጫዬ አያሸትም። ሽንኩርት አያሸትም፣ ጋዝ አያሸትም፣ ወተት አያሸትም። ስትሰሙኝ የከረማችሁት ሁሉ ግምት ነው። ሀልካኖ፣ ያ ወተት የተበላሸ መሆኑን አላወቅሁም፣ አላወቅሁም ማለት ነበረብኝ። የካልቶማ ዕቃ ታጥኖ ነበር። ዕቃዋ ያልታጠነበት ቀን የለም። እኔ ጠንካራ መስዬ ልታይ ብዬ ደህናዋን መርጬ መለስኩ። ያልታጠነው የኔ ምላስ ነው። የልጁ አክስት እዚህ አለሽ፣ ይሄንንም ለቤተሰቡ አሰሚ፣ ያኛውን እንዳሰማሽው።”

ሳየው አራት ደቂቃ ነው። ይቅርታው አንድ ደቂቃ ነው፣ ሌላው ምን እንደሆነ እኔም አላስታውስ፤ ወገቤም የገባበት ይመስለኛል።

ሊና መንገድ ላይ ሰምታው ነው የመጣች። ጫማዋን አላወለቀችም።

“ለኔ አስቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር?”

“ብነግርሽ ትከለክይኛለሽ።”

“አልከለክልሽም” አለች። ተቀመጠች። ግድግዳውን አየች፣ እጇን አየች። ቆይታ “እከለክልሽ ነበር” አለች።

ከዚያ ለናይሮቢው ሰውዬ ደወለችለት፣ ራሷ፣ እኔ ፊት። በእንግሊዝኛ ነው ያወራችው፣ አንዲት ቃል አልገባኝም። ስትጨርስ “አይመጣም” አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ በሌለ ነገር ላይ ቤት አሠራኋት። ሊና፣ ይሄን ካነበብሽ፣ ማንበብሽ አይቀርም፣ ፊትሽ ላይ ይቅርታ ስልሽ አምስት ሰዓት ወሬ ስለሚሆንብሽ ነው እዚህ የጻፍኩት።

መጋቢት 9

ከግሩፑ ሠላሳ ስድስት ሰው ወጣ። ሀልካኖ “ማማ፣ እውነት ተናገርሽ። ወተቱን ግን ከሌላ እገዛለሁ” ብሎ ወጣ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ልክ ነው፣ እኔም ብሆን ከኔ አልገዛም።

መጋቢት 11

ሽማግሌዎቹ ትናንት ኦዳ ሄዱ። ጎሊቻ ሁለቱን አድርሶ ስለነበር ሁሉን አይቷል። የካልቶማን ወተት ቀዱላቸው። አክስትየዋ አሸተተች፣ ጠጣች፣ ጽዋዋን ድጋሚ ዘረጋች። ኢክላስ ተሰጠች። ሰርጉ ከረመዳን በኋላ ነው።

“ስለ እኔ አልተነሳም?” አልኩት።

“አኮ፣ የሰው ልጅ እየተዳረ ስለ አንቺ?” አለኝ።

መጋቢት 17

ካልቶማ የራሷን ግሩፕ ከፈተች። ሴቶቹ ኦዳ ላይ ማለዳ ተሰብስበው አንዷ የሌላዋን ዕቃ ያሸታሉ፣ ያለፈው ይጫናል፣ ያላለፈው አይነሳም። ጀሪካኑ ላይ የየራሳቸው ስም ነው ያለው። ገዢው በቀጥታ ያዛል። መሃል የቆመ ሰው የለም። ሀልካኖ ገብቷል። የናይሮቢው ሰውዬ ራሱ ደውሎላቸዋል።

ይሄን ሁሉ ያቋቋመላቸው ማን ነው? ሊና። ሦስት ቀን ኦዳ ስትመላለስ “ጓደኛዬ ጋ” ስትለኝ ነበር። መዋሸት ከኔ ወስዳለች፣ አሳምራ ነው የምትዋሸው ግን።

“ካልቶማ አስገብታናለች?” አልኳት።

“እኔን አስገብታኛለች” አለች።

መጋቢት 19

ዘጠኝ ቀን ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። አፍ ብቻውን አይሠራም፣ ሰሚ ይፈልጋል። ዛሬ ለካልቶማ ደወልኩ። አነሳች።

“ጃላ፣ ሥራ እፈልጋለሁ” አልኳት። ሌላ መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር፣ ረጅም ነው፣ ስለ ዋልዳም አለበት። ሳላስበው ይሄኛው ቀደመ።

“ምን ትችያለሽ?” አለች።

“አወራለሁ።”

“እሱን ዋልዳ ነው ያወቅኩ።” ግመል ሲያጓራ በስልኩ ይሰማኛል፣ ኢክላስ ከኋላ የሆነ ነገር ትላለች። “ከማዶ በአማርኛ የሚደውል ገዢ በዝቷል። ኢክላስ አማርኛ አይገባት፣ እኔ ታውቂያለሽ እንዴት እንደምናገር። አንቺ እዚህ ኦዳ መጥተሽ ስልክ ታነሺ። ማን እንደሆነ፣ ስንት ሊትር እንደሚፈልግ ትጠይቂ።”

“እሺ።”

“ወተቱ ደህና ነው ወይ ካሉሽ አትመልሺ። እኔን ጠይቂ።”

“እሺ።”

“ስለ ወገብሽ አትንገሪያቸው።”

እሷም ሰምታዋለች ለካ። “እሺ” አልኩ፣ ሦስተኛ ጊዜ። ሦስት ጊዜ እሺ ብዬ ዝም ማለቴን ሊና በር ላይ ቆማ እያየች ነበር፣ ግንባሬን ነካችኝ፣ ትኩሳት መስሏት።

ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ጎሊቻ በር ላይ ይመጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ከኦዳ ወደኔ ሲመጣ የነበረው መንገድ ነው፣ አሁን እኔ ወደዚያ እሄዳለሁ። የሙከራ ጊዜዬ አንድ ወር ነው ብላኛለች። እንዳላረፍድ ልተኛ።